ጣና ላይ የጀልባ መሪ ለምትሆነው ልጄ

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ጀልባ ይዛችሁ ጣና ላይ ደሴት ለደሴት ልትዞሩ፣ አንተም በዚያው መሪነቱን ልትማር ማሰብህን ነገሩኝ። ደስ ብሎኛል። እንደ አንተ ያለ የመቄት፣ የፍላቂት ልጅ ውኃን የሚያውቀው በክረምት፣ ያውም ደራሽ ሆኖ ሲጮህ ነው። መቄት ላይ የዘነበው ገሚሱ ወደ ተከዜ፣ ገሚሱ በዥጣ አድርጎ ወደ በሽሎ ይወርዳል እንጂ እኛ ዘንድ ቆሞ አያድርም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በጋሸናና በፍላቂት ሲያልፍ ያየ ወጣት ዛሬ ጓደኞቹን ሰብስቦ ውኃ ላይ ለመውጣት ማሰቡ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አትሂድ አልልህም። ስትሄድ እንዲህ ሁን ነው የምልህ። ለሴት ልጄም ቢሆን ምክሩ ያው ነው፤ ውኃው ወንድና ሴት አይለይም።

ደገኛ ውኃ መመኘቱ አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ዘጌ ሰፍረው ሳለ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በግራና በቀኙ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመውበት እንደነበር ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር መጥቶ በኋላ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። በ1860 ዓ.ም. ታላቁን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉትም በእኛው ደጃፍ፣ በደብረ ዘቢጥና በቤተ ሖር በኩል ነው። ዛሬ አንተ ያን አቅጣጫ ተቃራኒውን ይዘህ፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርገህ ወረታ ትወርዳለህ፤ ከዚያ ባሕር ዳር ቅርብ ነው።

እኔ የመቄት ሰው ሆኜ ወጣትነቴን ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ያሳለፍሁ ነኝ። በዚያ ዘመን ያየኋቸው ጎበዝ መሪዎች፣ የጦር መርከብ መኮንን ይሁኑ የሳምቡክ (የባለ ሸራ ጀልባ) ናኹዳ፣ በአንድ ነገር ይመሳሰሉ ነበር፤ ቀድመው ይወስናሉ። ማዕበል ውስጥ ገብተው ጀግንነት ከሚያሳዩት ይልቅ ማዕበሉ ሳይመጣ ወደብ የገቡት ይከበሩ ነበር። የጀልባ መሪ ሥራ የወጡትን ሁሉ መመለስ ነው። የምመክርህ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

1. ካፒቴኑ ማን እንደሆነ ደረቅ መሬት ላይ ተስማሙ።

ጓደኛሞች መካከል ትእዛዝ ይከብዳል። አንዱ ገንዘቡን አዋጥቷል፣ አንዱ ጀልባውን አፈላልጎ አግኝቷል፣ አንዱ በዕድሜ ይበልጣል፣ አንዱ ደግሞ ሁላችሁም የምትወዱት ተጫዋች ነው። መሬት ላይ ይህ ሁሉ ያምራል። ውኃ መካከል ሰማዩ ሲጠቁር ግን አንዱ «እንቀጥል»፣ ሌላው «እንመለስ»፣ ሦስተኛው «ትንሽ እንጠብቅ» ካለ ጀልባዋ የማንም አይደለችም። ስለዚህ ገና ባሕር ዳር ሳላችሁ፣ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ፣ በግልጽ ተናገሩት፤ «እገሌ ተመለሱ ካለ እንመለሳለን፤ ክርክሩ ወደብ ከደረስን በኋላ ነው» በሉ። ይህን ሳይባባሉ የሚነሡ ጓደኛሞች ከጉዞው የሚተርፋቸው ቅያሜ ነው፤ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ እንዳይመስልህ። ከታይታኒክ መስጠም በኋላ በ1914 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ እስከ ዛሬም እየተሻሻለ የሚሠራበት የባሕር ላይ ነፍስ ደኅንነት ስምምነት፣ የመርከቡ ባለቤትም ሆነ ተከራይ ካፒቴኑ ለሰው ሕይወት ብሎ የሚወስነውን ውሳኔ እንዳይከለክለው ይደነግጋል። ሚሊዮኖች የሚያወጣ ጭነት ያለው ኩባንያ ካፒቴኑን «ግባ» ብሎ ማስገደድ ካልቻለ፣ ያዋጣ ጓደኛህም አይችልም።

አንድ ነገር ግን ለይ። መሪውን የያዘ ሁሉ ካፒቴን አይደለም። መሪውን ተራ በተራ ያዙ፤ ሁሉም ይማር፣ ሁሉም ክንዱን ይፈትሽ። ካፒቴኑ ግን አንድ ነው፣ ቢተኛም ካፒቴኑ እርሱ ነው። ደግሞ ካፒቴን ስትሆን ከሁሉ ይልቅ ዝም ያለውን ስማ። በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ፈርቶ መናገር ያፈረ ሰው አለ። «ማን ነው ያልተመቸው?» ብለህ አንተ ጠይቀው። ፍርሃቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ልክ ባይሆንም የፈራ ሰው ጀልባ ውስጥ ድንገት ይነሣል፣ ድንገት የሚነሣ ሰው ደግሞ ትንሽ ጀልባ ይገለብጣል።

2. ነፋሱን ሳታውቅ ገመድ አትፍታ።

አውድማ ላይ ስላደግህ የዚህን ግማሹን ታውቀዋለህ። ምርት ሲያዘሩ ነፋሱን ማንም በዓይኑ አያየውም። ገለባው የሚሄድበትን አይተው መንሹን ያነሣሉ፤ ነፋሱ ሲዞር ዞረው ይቆማሉ፤ ሲጠፋ ይቀመጣሉ፤ ሲበረታ ፍሬውንም ይወስደዋልና ያቆማሉ። አባቶችህ «አሁን አይሆንም» ለማለት አያፍሩም ነበር። ያንን ትዕግሥት ይዘህ ውረድ።

የጣና ነፋስ ጠባይ አለው። ጠዋት ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ረጭ ያለ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ምድሩ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር ወደ ምድር ይሳባል። ሌሊት ደግሞ ምድሩ ቶሎ ይበርዳል፣ ነፋሱም ከዳገቱ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቀይ ባሕር ላይ፣ በምፅዋ በኩል፣ ነፋሱ በወቅት ነበር የሚገለበጠው፤ በክረምት ወራት ከሰሜን፣ በበጋ ወራት ከደቡብ ይነፍሳል። ጣና ላይ መገለባበጡ በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች ረጅሙን መሻገር በጠዋት ጨርሰው ከሰዓት በኋላ ዳር ዳሩን የሚይዙት። አንተም ዕቅድህን በዚህ ላይ ሥራ። ደቅ ደሴት የምትሄድ ከሆነ በማለዳ ተነሣ፤ «ምሳ በልተን እንሻገራለን» የሚል ዕቅድ አታውጣ።

በ1805 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን ነፋስን ከ0 እስከ 12 በደረጃ ከፋፍሎ ነበር፤ መርከበኛ ሁሉ እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል። መሣሪያ አያስፈልግም፣ ውኃውን ማየት ይበቃል። 3ኛው ደረጃ ላይ የማዕበሉ ጫፍ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። 4ኛው ላይ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ነጩ አረፋ በብዛት ይታያል። ለአንተ የምሰጥህ ሕግ ይህ ነው፤ 3 ላይ ተማር፣ 4 ላይ ሸራህን አሳንሰህ ወደ ዳር ተጠጋ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ መሬት ላይ ሁን።

ጣና ሰፊ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመታሃል። «ሐይቅ ነው፣ ባሕር አይደለም» የሚልህን አትስማው። ትንሽ ጀልባን እንዲህ ያለ ማዕበል ከባሕር ረጅም ማዕበል ይልቅ ያስቸግራታል።

3. ሸራን ለመሳብ ሳይሆን ለመልቀቅ ተማር።

ጣና ላይ ዛሬ የምታየው ጀልባ በአብዛኛው ባለ ሞተር ነው፤ ታንኳው ደግሞ በቀዘፋ ይሄዳል። ሸራ የምትገጥም ከሆነ ወይም ወደ ውጭ ሄደህ የምትማር ከሆነ ይህን ያዝ። ሸራ ነፋስን ከኋላ ብቻ ተቀብሎ የሚገፋ ይመስላል። አይደለም፤ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ እንደ ክንፍ ይሠራል፣ ጀልባውንም ወደ ፊት ይስበዋል። ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ ግን ምንም ባለ ሸራ አይሄድም። ወደዚያ መድረስ ከፈለግህ በ45 ዲግሪ ገደማ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዝህ ነው የምትደርሰው። በካርታ ላይ አጭር የሚመስል መንገድ ጊዜ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዓትህን ስትቆጥር አስበው።

ጀማሪ ሲደነግጥ ገመዱን ይጨብጣል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ጀልባው ሲያጋድል መጀመሪያ የሸራውን ገመድ ልቀቅ፤ ሸራው ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱን ያጣል፣ ጀልባውም ይቃናል። ይህን ረጋ ባለ ቀን ደጋግመህ፣ እጅህ ሳይጠይቅህ እስኪያደርገው ድረስ ተለማመድ። ነፋሱ ከኋላ ሆኖ ስትጠመዘዝ ደግሞ ከሸራው ሥር ያለው አግዳሚ እንጨት በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይወረወራል። ራስ ይፈልጣል፣ ሰውም ወደ ውኃ ይጥላል። ከመዞርህ በፊት ጮኸህ ተናገር፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው «እሺ» ሳይሉ አትዙር።

ሸራውን የማሳነሻ ጊዜውስ መቼ ነው? «ላሳንሰው ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ራስህ ውስጥ የመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ከቆየህ ሥራው በእጥፍ ይከብዳል።

4. ታንኳውን አክብር፤ ከእርሱም ተማር።

ሐይቁ ላይ ከአንተ በፊት የነበረ ሰው አለ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ከዘጌና ከደቅ እንጨት፣ እህልና ፍራፍሬ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ የሚያደርሱ ቀዛፊዎችም ሞልተዋል። የታንኳ ሰው ከውኃው በጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። አንተ ሞተርህን አስነሥተህ አጠገቡ ብታልፍ የምትተወው ማዕበል ጭነቱን ያረጥበዋል፣ እርሱንም ሊጥለው ይችላል። ከሩቅ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ራቅ ብለህ እለፍ፣ ሰላም በል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር መንገድ ደንብ ባለ ሞተሩ ለባለ ሸራው መንገድ እንዲለቅ ያዛል፤ ጣና ላይ የዚህ ደንብ መንፈስ ለቀዛፊው መልቀቅ ነው። ማሳ ዳር የሚሄድ እግረኛ ላይ አቧራ አንሥቶ የሚያልፍ ሾፌር ምን እንደሚባል ታውቃለህ።

ከታንኳ የምትማረው ምን እንደሆነ ደግሞ አንድ ታሪክ ላጫውትህ፤ ጣናንና የዓለምን ትልቅ ውኃ ያገናኘ ስለሆነ በጣም እወደዋለሁ።

ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ፈለገ። ደንገሉን ከየት ያምጣ? ግብፅ ውስጥ ለመርከብ የሚበቃ ደንገል አልነበረም። ያገኘው ጣና ላይ ነው። የእኛ ሐይቅ ደንገል ታጭዶ፣ ተጭኖ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ ደረሰ፤ የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች አስረው ጀልባ አደረጉት። «ራ» ተባለ። በ1969 እ.ኤ.አ. ሰባት ሰዎች፣ ከሰባት አገር የመጡ፣ ሸራ ሰቅለው ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሡ። ሳምንታት አለፉ፤ የጀልባው ጭራ እየዘቀጠ ውኃ ገባበት። ኋላ ሲመረምሩ ምክንያቱን አገኙት። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ከጭራው ጫፍ ወደ ውስጥ የተወጠረ አንድ ገመድ ነበር፤ ጌጥ መስሏቸው ትተውት ነበር። ለካ ጭራውን እንደ ጅማት ወጥሮ የሚይዘው እርሱ ነበር። ማዕበል ጨመረበትና ጀልባው መበታተን ያዘ። የካሪቢያን ደሴቶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ራን ትተው ወደ ሌላ ጀልባ ተሻገሩ። አንድም ሰው አልሞተም።

አሁን ይህን አስተውል። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ መድረሻው ቀርቦ፣ ዓለም ሁሉ እያየው «በቃ» ማለት ምን ያህል ከባድ ነው! ሄየርዳል አለ። በሚቀጥለው ዓመት በ1970 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን ራ፣ አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል፣ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች እጅ አሠራ፤ ገመዱም በቦታው ነበር። ከዚያው ከሳፊ ተነሥተው በ57 ቀን ባርቤዶስ ገቡ። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሰው ቢሞት ኖሮ ሁለተኛው ባልኖረ ነበር። አንተ ደቅ ሳትደርስ ብትመለስ በሚቀጥለው ሳምንት ደቅ እዚያው ናት።

ሌላው ትምህርት ገመዱ ነው። አሮጌ ቀዛፊ «ይህን እንዲህ እሰሩት» ካለህ ምክንያቱን ባታውቀው እንኳ እሰረው፤ ምክንያቱን ማታ ጠይቀው።

5. ደሴቶቹ የሰው ቤት ናቸው፤ እንደ እንግዳ ግባ።

ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ገዳማት ናቸው። መነኮሳቱ እዚያ የገቡት ከሰው ለመራቅ ነው፤ አንተ ደግሞ የምትሄደው ለደስታ ነው። ይህን አስታርቀህ ሂድ። ሙዚቃ ከፍተህ ወደብ አትጠጋ። ሳታስፈቅድ አትውረድ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ለጉብኝት የሚጠየቀውን ከፍለህ ደረሰኝ ተቀበል። መቼም የላሊበላ ጎረቤት ሆነህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልነግርህም።

አንድ ነገር ግን ቀድሞ ማሰብ አለብህ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ከእናንተ መካከል ሴቶች ካሉ ጓደኞቻችሁን ጀልባ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ወንዶቹ ሰዓታት የምትጎበኙበት ጉዞ የጓደኛ ጉዞ አይደለም። ካፒቴን መንገዱን ሲያወጣ ሁሉንም ይቆጥራል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ሁላችሁም የምትገቡባቸው ናቸው፤ በሥዕላቸውም ማንም አይቆጭም። ዳጋ ላይ የአፄ ፋሲልና የሌሎችም ነገሥታት አጽም አለ፤ እርሱን ለማየት የሚፈልጉ ወንዶች ሌላ ጊዜ ይሂዱ፣ ወይም ሴቶቹ ናርጋ ላይ ሲቆዩ ደርሰው ይመለሱ። ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ወደ ደሴት ስትጠጋ በቀስታ ሂድ፤ ዳሩ አለት ነው፣ ጥቁሩ ድንጋይ ከውኃው በታች ሳይታይ ይቆይሃል። አንድ ሰው ከፊት ቁሞ ውኃውን ይይ። መልሕቅ ስትጥል የገመዱ ርዝመት ከጥልቀቱ ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን፤ መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን ገመዱ ተዳፍቶ በአግድም ሲጎተት ነው። ከጣልህ በኋላ ዳር ላይ ሁለት ዛፍ ወይም ዛፍና ድንጋይ በአንድ መስመር ምረጥ፤ መስመሩ ከተዛባ እየተንሸራተትህ ነው።

ከባሕር ዳር ስትወጣ አባይ ወደሚወጣበት በኩል አትጠጋ። እዚያ ጉማሬ አለ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ የጨረጨራ ግድብ በሮች አሉ። ጉማሬን ፎቶ ለማንሳት የሚጠጋ ጀልባ ነጂ ካየህ ከእርሱ ጋር አትሂድ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ እንቦጭ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን የያዘ አረም ነው፤ ይንሳፈፋልና ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል፣ ትናንት ክፍት የነበረው ዳር ዛሬ ተዘግቶ ታገኘዋለህ። የሞተሩን መዘውር ይጠመጥመዋል። በእንቦጭ ውስጥ ሰብሬ አልፋለሁ አትበል፤ ዙር።

6. ስንቅ።

ውኃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ኮፍያ፣ ዝናብ ልብስ፣ ቢላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ። ነዳጅ፦ አንድ ሦስተኛው ለመሄድ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለስ፣ ቀሪው ለማታውቀው። ሞተር ቢኖርህም መቅዘፊያ አይቅር። አረቄና ጠላ ማታ መሬት ላይ፤ ጀልባ ላይ ለማንም፣ ለተሳፋሪም ቢሆን፣ አይሆንም።

7. ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ።

ይህን በጉዞው የመጀመሪያ ጠዋት ተለማመዱት። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ወርውሩና «ሰው ወደቀ!» በሉ። አንድ ሰው ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ ጣቱን ወደ ጀሪካኑ ቀስሮ ዓይኑን አያነሣም፣ ጀልባው ሲዞርም አብሮ ይዞራል። በማዕበል መካከል የሰው ራስ በጣም ትንሽ ነው፤ አንዴ ከዓይን ከጠፋ ማግኘት ይቸግራል። ሁለተኛው ሰው የሚንሳፈፍ ነገር ይወረውራል። መሪውን የያዘው ከነፋሱ በታች በኩል ዞሮ፣ ወደ ነፋሱ ፊቱን አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ይጠጋል፤ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል። መዘውሩ እየዞረ ሰው አይጎተትም። ማንም ዘሎ አይገባ። የወደቀውን ሊያድን የገባ ሰው ለካፒቴኑ ሁለተኛ ጭንቀት ይሆንበታል።

ሁላችሁም የነፍስ አድን ጃኬት ልበሱ። ከመቀመጫ ሥር የተጣለ ጃኬት ጥቅም የለውም፣ የተለበሰው ነው የሚያድነው። «ይሞቃል»፣ «ፎቶ ያበላሻል» የሚል ጓደኛ ካለህ መጀመሪያ ስትለብስ የሚያየው አንተን ይሁን። ካፒቴኑ ሳይለብስ ሌላውን ማስለበስ አይችልም።

8. ትምህርቱን በወረቀትም በእጅም ያዝ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም አካዳሚ ኢንጂነሮችን ለትልልቅ መርከቦች ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ተመራቂዎቹ ዛሬ በዓለም ውቅያኖስ ላይ ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብም በ1956 ዓ.ም. ተመሥርቶ ስማችንን ይዞ ሲዞር ኖሯል፤ በ1983 ዓ.ም. ወደቡ ከእጃችን ሲወጣ እንኳ መርከቦቹ አልቆሙም። ይህን የምነግርህ ከባሕር ርቀን መኖራችን የባሕርን ሙያ እንዳላስረሳን እንድታውቅ ነው። ከጓደኞችህ መካከል በአካዳሚው የተማረ ካለ ይዘኸው ሂድ፤ ሞተር ሲቆም ከጸሎት ቀጥሎ የሚያስፈልግህ እርሱ ነው።

ውጭ አገር ካሉ ወንድሞችህ ጋር ግሪክ ወይም ክሮኤሽያ ሄደህ ባለ ሸራ ጀልባ መከራየት ብትመኝ፣ እነዚያ አገሮች የመሪነት ፈቃድ ይጠይቃሉ። የእንግሊዞቹ የቀን ካፒቴን ሥልጠና በተግባር አምስት ቀን ይወስዳል። አምስት ቀን መንገዱን ያሳይሃል፤ ካፒቴን አያደርግህም። ሥልጠናውን ከጨረስህ በኋላ ካንተ ከሚበልጥ ሰው ጋር ተሳፋሪ ሆነህ ብዙ ውጣ። ጣና ላይም እንዲሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ሐይቁን ከልጅነቱ የሚያውቅ ነጂ ቀጥረህ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ፣ ለምን እንዲህ ዞረ፣ ለምን አሁን ቀነሰ እያልህ ጠይቅ። ለእርሱ የምትከፍለው ገንዘብ ከጉዞው ወጪ ሁሉ ይልቅ የተባረከ ነው።

9. ከመሬት ጋር ያለህን ገመድ አትበጥስ።

ዳር ላይ ለሚቀር አንድ ሰው ዕቅድህን በወረቀት ስጠው፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ወዴት፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። ካልተመለሳችሁ ማንን እንደሚጠራም ጻፍለት። ስልክ ይዘጋል፣ ባትሪ ያልቃል፤ ወረቀቱ ይቀራል። ዕቅድ ከቀየርህ ደውል። ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ፤ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩም ውኃውም ይረጋል። በዚህ ዘመን ደግሞ የየብሱ መንገድም ይጠየቃል። ከፍላቂት ከመነሣታችሁ በፊት ከሾፌሮቹ ወሬ ስማ፤ መንገዱ ካልተመቸ ጉዞው ይቆይ።

10. ዋና።

ይህን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ዛሬውኑ የሚጀመር ስለሆነ ነው። ሌላውን ሁሉ ጣና ዳር ደርሰህ ትማረዋለህ፤ ዋና ግን ሳምንታት ይፈልጋል። የእኛ አገር ልጅ ዋና አለመቻሉ አያሳፍርም፤ የት ይማር ነበር? አለመቻሉን ደብቆ ጀልባ መሳፈሩ ነው የሚያስፈራው። ጓደኞችህን አንድ በአንድ ጠይቃቸው፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ እንዳያፍሩ። የማይችል ካለ አትተወው፣ አትሳቅበትም። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መዋኛ ገንዳ ወስደህ አስተምረው፤ የጣና ዳር ውኃ ቢልሃርዝያ አለበትና መለማመጃ አታድርገው። ጃኬት ለብሶ፣ ሳይደነግጥ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ለግማሽ ሰዓት መንሳፈፍ ከቻለ ይበቃዋል። እስኪችል ድረስ ጉዞውን አዘግዩት፤ ዛሬ ማታ ደውልላቸውና ጠይቃቸው።